ስለ ማፈግፈግ፤ ንጉሥ ከሰልፍ ወደ ኋላ ቢመለስ ድል ይሆንለታልን?

ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ቍጥር 31 እና 32 ደቀ መዝሙር መሆን የሚያስከፍለውን ዋጋ ሲያስተምር የሰልፍን ነገር ምሳሌ አድርጎ አመጣ። ዐሥር ሺህ ጭፍራ ያለው ንጉሥ ሃያ ሺህ ይዞ የሚመጣበትን ንጉሥ ከመግጠሙ በፊት ተቀምጦ ይመክራል፤ የማይችል እንደ ሆነ ባላጋራው ገና በሩቅ ሳለ መልእክተኛ ሰድዶ ዕርቅ ይፈልጋል፤ ማለቱ ነው። ምሥጢሩ ክርስቶስን የሚከተል ሰው የሚተወውንና የሚቀበለውን አስቀድሞ ይቍጠር ሲል ነው። ነገር ግን ምሳሌ ከእውነተኛ ነገር ይወሰዳልና፣ ጌታ በዚህ ቃል የማይችለውን ሰልፍ ቈጥሮ የሚተወውን ንጉሥ ፈሪ እንዳላለው ማስተዋል ይገባል።

በአገራችን ልማድ ግን ጀርባን ማሳየት ነውር ነው። ሰው ሲሞት በልቅሶው ላይ ከሚነገርለት ምስጋና አንዱ በጦርነት ወደ ኋላ አለማለቱ ነው። እንግዲህ ወደ ኋላ መመለስ ከድል ይቈጠራልን ቢሉ፣ ለዚህ መልስ አስቀድሞ መሸሽንና ማፈግፈግን መለየት ያስፈልጋል። ሁለቱም በዓይን ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ጠላት የሚያየው ጀርባ ነውና። በልብ ግን ይለያያሉ። የሚሸሽ ሰው የሚያስበው ስለሚተወው ስፍራ ብቻ ነው፤ የሚያፈገፍግ ሰው የሚያስበው ስለሚመለስበት ስፍራ ነው።

ሐተታ። ቅዱሳት መጻሕፍት ሁለቱንም ይመሰክራሉ። በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 8 ኢያሱ የጋይን ሰዎች ሊይዝ ሲል ከፊታቸው የሚሸሽ መሰለ፤ እነርሱም ከተማቸውን ከፍተው ተከተሉት፤ አድፍጦ የነበረው ጭፍራ ከኋላ ገብቶ ከተማይቱን ያዘ። በመዝሙር 77 ግን የኤፍሬም ልጆች ቀስት ሳይጐድላቸው በሰልፍ ቀን ስለ ተመለሱ ተነቅፈዋል። የእነዚያም የእነዚህም ሥራ ወደ ኋላ ማለት ነው፤ ኢያሱ ግን በምክር አደረገው፣ የኤፍሬም ልጆች ኪዳናቸውን ስለ ረሱ አደረጉት።

ከሁሉ ይልቅ ለዚህ ነገር ብርሃን የሚሰጠው የዳዊት ታሪክ ነው። በካልኣይ ሳሙኤል ምዕራፍ 15 አቤሴሎም በአባቱ ላይ በተነሣ ጊዜ ዳዊት በኢየሩሳሌም ሆኖ አልተዋጋም፤ ከተማይቱ በሰይፍ እንዳትመታ ብሎ ባዶ እግሩን እያለቀሰ በደብረ ዘይት ዐቀበት ወጣ። ሳዶቅና ሌዋውያን ታቦተ ጽዮንን ይዘው ሊከተሉት ሲሉ መለሳቸው። ካህናቱ ሳዶቅና አብያታር ከታቦቱ ጋር በከተማይቱ ቀሩ፤ ወዳጁ ኩሲም የአኪጦፌልን ምክር ያፈርስ ዘንድ ተመልሶ ገባ፤ የካህናቱም ልጆች ወሬ ያመላልሱ ነበር። ዳዊት ዮርዳኖስን ተሻግሮ ጭፍራውን አደራጀ፤ በኋላም በክብር ተመለሰ። እዚህ ላይ ልብ ይሏል፤ የሄደው ንጉሥ የተመለሰው በከተማይቱ የቀሩ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው። ካህናቱና ኩሲ ሁሉም ተከትለውት ቢሆን ኖሮ የዳዊት መንገድ የስደተኛ መንገድ ሆኖ በቀረ ነበር።

ታሪክ። ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ በየካ ተራራ ከአንድ ዐለት የተፈለፈለ፣ ጣራው የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ዋሻ ሚካኤል ይባላል። በግራኝ ዘመን እንደ ፈረሰ ከአባቶች ሲነገር ኖሯል። ከዚያ በስተ ምዕራብ ያለው የእንጦጦ ተራራም ከዚያ ዘመን በፊት የነገሥታት ከተማ የነበረበት ነው እየተባለ ሲነገር የኖረ ነው። የዚህን አገር መጥፋትና መመለስ ለማወቅ ወደ አፄ ልብነ ድንግል ዘመን መመለስ ያሻል።

አፄ ልብነ ድንግል በመጋቢት ወር 1521 ዓመተ ምሕረት በሽምብራ ኵሬ ከኢማም አሕመድ ኢብራሂም ጋር ተዋግተው ድል ሆኑ። ከዚያ በኋላ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ከአምባ ወደ አምባ፣ ከአውራጃ ወደ አውራጃ ሲዘዋወሩ ኖሩ። አድባራት ተቃጠሉ፤ ደብረ ሊባኖስም ከተቃጠሉት አንዱ ነው። ንጉሡ ግን እጃቸውን አልሰጡም፤ ሃይማኖታቸውንም አልለወጡም። በ1527 ዓመተ ምሕረት ገደማ ዮሐንስ ቤርሙዴዝን ወደ ፖርቱጋል ልከው ረዳት ጠየቁ። ረዳቱን ሳያዩ በመስከረም ወር 1533 ዓመተ ምሕረት በደብረ ዳሞ ዐረፉ።

በዚያ ቀን የነበረ ሰው የልብነ ድንግል ማፈግፈግ ምን ጠቀመ ቢባል ምንም የሚል ይመስላል። መንግሥቱ የቀረው በጥቂት ተራራ ላይ ነበር። ነገር ግን ንጉሡ በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ነገር ጠብቀዋል፤ ይኸውም ያልተቋረጠ ዘውድና ያልተገዛ ስም ነው። በ1533 ዓመተ ምሕረት ክረምት በክሪስቶፎሮስ ደጋማ የሚመራ 400 የሚያህል የፖርቱጋል ወታደር በምጽዋ ወርዶ ሲመጣ የሚቀበለው መንግሥት አገኘ፤ እቴጌ ሰብለ ወንጌል ከደብረ ዳሞ ወርደው ተቀበሉት። ልጃቸው አፄ ገላውዴዎስም አስቀድሞ ድል ሆነው ወደ ሸዋ አፈግፍገው ነበርና ከዚያ ተመልሰው ከፖርቱጋሎቹ ጋር ተገናኙ። በየካቲት 1535 ዓመተ ምሕረት በወይና ደጋ ኢማም አሕመድ ሞቱ፤ ጦራቸውም ተበተነ። አባት ያፈገፈጉበትን ልጅ ተመለሱበት። ልብነ ድንግል ጠብቀው ያቆዩት ባይኖር ገላውዴዎስ የሚመለሱበት አይኖራቸውም ነበር።

ሁለተኛው ታሪክ የሉቃስን ምሳሌ ቃል በቃል የመሰለ ነው። በ1870 ዓመተ ምሕረት አፄ ዮሐንስ አራተኛ ብዙ ሠራዊት ይዘው ወደ ሸዋ ዘመቱ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በዚያ ጊዜ ንጉሠ ነገሥት የሚል ስም ይዘው ነበር፤ ጦርም ሰብስበው ነበር። ባላጋራቸው መንዝ ሲደርሱ ግን ተቀምጠው መከሩ፤ በሁለቱም ወገን መልእክተኞችና ካህናት ተመላለሱ። በመጋቢት ወር በልቼ ምኒልክ እንደ አገሩ ሥርዐት በአንገታቸው ድንጋይ ተሸክመው ለአፄ ዮሐንስ ገቡ። የንጉሠ ነገሥትነትን ስም ተዉ፤ ግብርም ሊገብሩ ቃል ገቡ፤ አፄ ዮሐንስም የሸዋን ዘውድ ጫኑላቸው። በዚያ ቀን ሸዋና ትግራይ ደም አልተፋሰሱም። በጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓመተ ምሕረት፣ አፄ ዮሐንስ በመተማ ከሞቱ በኋላ፣ ያ ድንጋይ የተሸከመው አንገት በእንጦጦ ማርያም በአቡነ ማቴዎስ እጅ የንጉሠ ነገሥትን ዘውድ ለመቀበል ቀና አለ። በልቼ የተዋረዱት በእንጦጦ ከበሩ፤ በመካከሉ ያለፈው ጊዜ ዐሥራ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ነው።

እንደዚሁ ማፈግፈግ የሚገባው ጦር ዐፍሮ ባያፈገፍግ የሚያገኘውን ያድዋ ታሪክ ያሳያል። በየካቲት 1888 ዓመተ ምሕረት የኢጣልያ ጦር አዛዥ ጄኔራል ባራቲዬሪ በሳውሪያ ተራራ ላይ መሽጎ ሳለ ስንቁ አለቀበት። አፄ ምኒልክም የተመሸገውን ተራራ ቸኵለው አልገጠሙም፤ ነገር ግን የእርሳቸውም ሠራዊት እህል እያነሰው ነበርና ብዙ ቀን ሊቈይ አይችልም ነበር። ባራቲዬሪ ወደ አስመራ በኩል ማፈግፈግ እንደሚሻል ያውቅ ነበር። ከሮም ግን የጠቅላይ ሚኒስትሩ የክሪስፒ የዘለፋ ቴሌግራም ደረሰው፤ በጉባኤ የጠራቸው አራቱ ጄኔራሎችም ማፈግፈግን አልወደዱም። እርሱም እምነቱን ትቶ ዕፍረቱን ሰማ፤ 17 ሺህ የሚያህል ጦር ይዞ በሌሊት ተነሣ። የካቲት 23 ቀን የሆነውን ዓለም ሁሉ ያውቃል፤ ከአራቱ ጄኔራሎች አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ ሞቱ፣ አልቤርቶኔ ተማረከ፣ ኤሌና ቈሰለ። ተቀምጦ መምከር የጀመረ ንጉሥ በሌላ ሰው አፍ ምክሩን ሲጨርስ እንዲህ ነው።

በውጭ አገርም ይህን የሚመስል አለ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1812 ናፖሌዎን ከ400 ሺህ በሚበልጥ ሠራዊት ሩስያ በገባ ጊዜ ጄኔራል ኩቱዞፍ ከቦሮዲኖ ሰልፍ በኋላ ሞስኮን ለቀቀለት። ከተማይቱ ተቃጠለች፤ ናፖሌዎን አምስት ሳምንት የሚያህል ዕርቅ ሲጠብቅ ቈየ፤ የሚታረቀው አላገኘም፤ ሲመለስም በረዶና ረኃብ ሠራዊቱን ጨረሰው። ከተማን ማጣት መንግሥትን ማጣት አለመሆኑን ኩቱዞፍ አስቀድሞ ዐውቆ ነበር።

አሁን ወደ ሚከብደው ታሪክ መግባት ይገባል። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓመተ ምሕረት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በማይጨው ከኢጣልያ ጦር ጋር ተዋጉ። የክብር ዘበኛው በብርቱ ቢዋጋም ምሽጉን መስበር አልተቻለም። ከዚያ በኋላ የሆነው መመለስ ማፈግፈግ ሊባል አይችልም፤ በአሸንጌ ሐይቅ ዙሪያ ሠራዊቱ በአይሮፕላን ቦምብና በመርዝ ጢስ ተፈጀ፤ ሥርዐትም አልነበረውም። እንዲህ ያለው መመለስ በራሱ ድል ነው ብሎ መናገር በሞቱት ላይ መዘባበት ይሆናል።

ንጉሠ ነገሥቱ በላሊበላ ሱባኤ ይዘው ጸልየው በሚያዝያ 22 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። በዚያ ጉባኤ ተደረገ። መንግሥቱን ወደ ጎሬ አዛውሮ መዋጋት ወይስ ወደ ጄኔቭ ሄዶ በመንግሥታት ማኅበር ፊት መክሰስ ይሻላል የሚል ነበር። የሚበዙት መሄዱን መረጡ። ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያትና ጥቂቶች ግን ንጉሥ ከአገሩ አይወጣም ብለው ተቃወሙ። የተቃወሙት ያለ ምክንያት አልተናገሩም፤ አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ፣ አፄ ዮሐንስ በመተማ በአገራቸው ምድር ወድቀው ነበርና ንጉሥ ሲሄድ ሕዝብ ማንን አይቶ ይዋጋል ያሰኛል። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 24 ቀን በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ። እስከ ሚያዝያ 27 ቀን፣ ኢጣልያኖች እስኪገቡ ድረስ፣ አዲስ አበባ በዘረፋና በእሳት ተጨነቀች። የማፈግፈግ ዕዳ መጀመሪያ የተከፈለው በእነዚያ ሦስት ቀኖች በከተማው ድሃ ነው።

ነገር ግን ንጉሠ ነገሥቱ ሲሄዱ አንድ ነገር ይዘው ሄዱ፤ ይኸውም ልብነ ድንግል የጠበቁት ያልተገዛ ስም ነው። እጅ የሰጠ ንጉሥ የለም፤ የውርደት ውል የፈረመ እጅ የለም። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓመተ ምሕረት በጄኔቭ ቆመው የመርዙን ጢስና የተሻረውን ቃል ኪዳን ከሰሱ። በዚያን ቀን የሰማ እንጂ የረዳ መንግሥት አልተገኘም፤ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ በስደት ተቀመጡ። ኢጣልያ በሰኔ 3 ቀን 1932 ዓመተ ምሕረት ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ስትገባ ግን ያ በጄኔቭ የተከሰሰው ክስ ባለቤት ያለው ሆኖ ተገኘ።

ሐተታ። እዚህ ላይ ጠያቂ ይነሣል። ጌታ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ተኵላ ሲመጣ በጎቹን ጥሎ የሚሸሸውን ምንደኛ ይነቅፋል፤ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ደግሞ በአንዲት ከተማ ቢያሳድዷችሁ ወደ ሌላይቱ ሂዱ ብሎ ያዝዛል፤ ራሱም በሕፃንነቱ ከሄሮድስ ፊት ወደ ግብጽ ተሰደደ፤ ይህ እንዴት ይስማማል? ቢሉ፣ የሁለቱ ቃል ትርጓሜ በሚተወው ነገር ይታወቃል። ከስፍራ መሄድ የተፈቀደ ነው፤ ከአደራ መሄድ ግን የተፈቀደ አይደለም። አንድም፣ የሚሄድ ይሂድ፣ የሚቀር ይቅር፤ ለሁሉ ግን የተሰጠው አደራ ልዩ ልዩ ነው። ዳዊት ወጣ፤ ሳዶቅ ከታቦቱ ጋር ቀረ። ሁለቱም ትክክል አደረጉ።

በ1928 ዓመተ ምሕረት የሳዶቅ ዕጣ የደረሳቸው ብዙዎች ናቸው። አቡነ ጴጥሮስ በ1921 ዓመተ ምሕረት ከተሾሙት ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ነበሩ። ሐምሌ 21 ቀን አርበኞች ከየአቅጣጫው መጥተው አዲስ አበባን ሊያስለቅቁ ወጉ፤ ክረምቱና የመገናኛ ዕጦት ስለ ለያያቸው አልተሳካላቸውም። አቡነ ጴጥሮስ ተያዙ። ለኢጣልያ መንግሥት እንዲገዙና አርበኞቹን እንዲያወግዙ ተጠየቁ፤ እምቢ አሉ። በሐምሌ 22 ቀን በአደባባይ በጥይት ተገደሉ። ከዚያ ስፍራ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ማለት ቢፈልጉ መንገዱ ክፍት ነበር፤ የሚጠየቁት አንድ ቃል ብቻ ነበርና። ሆኖም ያ ቃል አደራቸው ነበረ። በግንቦት 1929 ዓመተ ምሕረትም የደብረ ሊባኖስ መነኰሳት በገዳማቸው እንዳሉ ተይዘው ተፈጁ።

አርበኞችም በሌላ ዐይነት ቀሩ። ራስ አበበ አረጋይ አስቀድሞ የአዲስ አበባ ፖሊስ አዛዥ የነበሩ ሲሆኑ ወደ ዱር ገብተው በሸዋ ቈላና ደጋ አምስት ዓመት ተዋጉ። የእነርሱ ውጊያ ሁልጊዜ የማፈግፈግ ውጊያ ነው፤ መትቶ መሰወር፣ ጠላት ሲበዛ ፈቀቅ ማለት፣ ሲተኛ መመለስ ነው። ተራራ ይለቃሉ፤ ነፍጥ ግን አይለቁም። በአንጻሩ የራስ ካሣ ልጆች ደጃዝማች አበራና ወንድማቸው አስፋ ወሰን በታኅሣሥ 1929 ዓመተ ምሕረት ምሕረት ይደረግላችኋል የሚለውን የጠላት ቃል አምነው በፍቼ እጃቸውን ቢሰጡ ተገደሉ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ማፈግፈግና እጅ መስጠት አንድ አይደሉም፤ የሚያፈገፍግ ሰው መመለሻውን በራሱ እጅ ይዟል፤ እጅ የሰጠ ግን መመለሻውን ለጠላቱ አስረክቧል።

ታሪክ። በጥር 12 ቀን 1933 ዓመተ ምሕረት ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን ድንበር ተሻግረው በኦሜድላ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ። በጎጃም በኩል አብሮ የዘመተው፣ የእንግሊዙ ሹም ዊንጌት የሚያዝዘው ጥቂት ጦር የጌዴዎን ጦር ተባለ፤ በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 7 ጌዴዎን በሦስት መቶ ሰዎች ድል እንዳደረገ ለማስታወስ ነው። ያ ጥቂት ጦር የጠነከረው የጎጃም አርበኞች አገሩን ለጠላት አስቀድመው ሰላም ስለ ነሡት ነው። እንግሊዞች በመጋቢት 28 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። ንጉሠ ነገሥቱም ከደብረ ማርቆስ በፍቼ በኩል መጥተው፣ ጠላት በገባባት ቀን በዓመቱ በአምስተኛው፣ በሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓመተ ምሕረት ከእንጦጦ ራስ ላይ ደረሱ። ከተማይቱ ከመግባታቸው በፊት በእንጦጦ ማርያም ገብተው ጸለዩ። ራስ አበበ አረጋይም ከአርበኞቻቸው ጋር ተቀበሏቸው። የሄደውና የቀረው በዚያ ቀን ተገናኙ።

እንግዲህ ለተጠየቀው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። ማፈግፈግ ድል ይሆናል፤ ሦስት ነገር ሲኖረው ነው። መጀመሪያ፣ የሉቃስ ንጉሥ እንዳደረገው ተቀምጦ በመምከር እንጂ በድንጋጤ ያልተደረገ ይሁን፤ ምኒልክ በልቼ መከሩ፣ የማይጨው ጭፍራ ግን ተበተነ። ሁለተኛ፣ የሚሄደው የማይለቀውን አንድ ነገር ይዞ ይሂድ፤ ልብነ ድንግል ከተማውን ሁሉ አጥተው ዘውዱን ጠበቁ። ሦስተኛ፣ መመለሻውን በር የሚጠብቅ ሰው በኋላ ይኑር። ይህ ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል፤ ዋጋው የሚከፈለው በሚሄደው ሳይሆን በሚቀረው ነውና። ስለዚህ ከስደት በድል የተመለሰ ሁሉ ሊኰራ አይገባውም፤ በሩ ተከፍቶ ያገኘው ሌላው ሰው ሲጠብቀው ስለ ወደቀ ነው። የቀረውም የሄደውን ፈሪ ብሎ አይፍረድበት፤ ክስ ያለ ከሳሽ አይሰማምና።

ለነፍስም እንዲሁ ነው። ዮሴፍ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 39 ከጌታው ሚስት ፊት ልብሱን ትቶ ሸሸ፤ ልብሱ ለሐሰት ምስክር ሆነበት፤ ወኅኒም ገባ። ሆኖም ከልብሱ የሚበልጠውን ይዞ ነበርና ከወኅኒ ወጥቶ በግብጽ ላይ ተሾመ፤ ወንድሞቹንም ከረኃብ አዳነ። ክርስቲያንም ኃጢአት ባለበት ስፍራ ቆሞ ጕልበቱን ከሚፈትን ይልቅ ስፍራውን ቢለቅ ዐዋቂ ነው። የሃይማኖቱ ቃል በተጠየቀ ጊዜ ግን ወደ ኋላ የሚባልበት ስፍራ የለም፤ በዚያ የአቡነ ጴጥሮስን ፍኖት ይከተል። የትኛው ሰዓት የዮሴፍ፣ የትኛው ሰዓት የጴጥሮስ እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ የጥበብ ሥራ ነውና፣ ይህን ጥበብ ለሚለምኑት ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥ፤ ለእርሱ ክብርና ምስጋና ይሁን፤ አሜን።